56 ሰከንድ ያለው ቀመር፣ 90 ሰከንድ የፈጀው ሃይላንድ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። አምስት ኪሎ አካባቢ የምማር የምህንድስና ተማሪ ነኝ። ዘንድሮ ፍሉድ ሜካኒክስ (የፈሳሽና የአየር እንቅስቃሴ ትምህርት) ጀምረናል። ክፍል ውስጥ ቦርዱ ሙሉ ኢኩዌሽን ይጻፋል። ላብ ስንገባ አንድ ማሽን ለአሥራ ሁለት ልጅ ነው፤ ሁለቱ ይነካሉ፣ ሌሎቻችን ቁጥር እንገለብጣለን። አሁን ደግሞ የሲሙሌሽን አሳይንመንት ተሰጠን። ከጓደኛዬ ጋር ዩቲዩብ እያየን አንድ ሁለት ቁልፍ ተጭነን ቆንጆ ባለቀለም ምስል አወጣን፤ ምን እንዳወጣን ግን አላውቅም። ሦስት የተለያየ ኮርስ የምማር ነው የሚመስለኝ። ሚድ ደርሷል። የቱን ላስቀድም? ቲዎሪውን ቸክዬ ልግባ ወይስ ሶፍትዌሩ ላይ ልበርታ?
ግራ የገባት፣ ከአምስት ኪሎ

መልስ፦ እህቴ፣ የቱን ላስቀድም የሚለውን ለጊዜው ተይው። ችግርሽ ቅደም ተከተሉ አይደለም። “ሦስት የተለያየ ኮርስ” ያልሽው ነው ችግሩ። ሦስቱንም አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠይቂያቸው። ሦስቱም ቁጥር ይስጡሽ። ከዚያ ቁጥሮቹ የማይገጥሙበት ቦታ ላይ ቁጭ በዪ። ፍሉድ የሚገባው እዚያ ላይ ነው፣ ሲገጥም አይደለም።

በወሬ ብቻ አይሆንምና እንሥራው። ጎኑ ቀጥ ያለ ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ፈልጊ። ከታች፣ ጎኑ ላይ 4 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቀዳዳ አብጂ። ሚስማር አግለሽ ከበሳሽው ፕላስቲኩ ቀልጦ ዙሪያውን ያብጣል፤ እሱን በምላጭ ጥርግ አድርጊው፣ የጠርዙ ነገር በኋላ ይመጣል። ከቀዳዳው 16 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ አንድ መስመር፣ 4 ሴንቲ ሜትር ላይ ሌላ መስመር በማርከር አስምሪ። ጥያቄው ይሄ ነው፦ ውሃው ከላይኛው መስመር እስከ ታችኛው ለመውረድ ስንት ሰከንድ ይፈጅበታል?

ቀዳዳውን ሳትከፍቺ በመጀመሪያ ግምትሽን ጻፊ። ልብ በይ፣ ይሄን ደረጃ የሚዘለው ብዙ ሰው ነው። ግምት ያልጻፈ ሰው መልሱን ሲያይ “አዎ፣ እንደዚህ ነበር የመሰለኝ” ይላል፣ ምንም ሳይማር ያልፋል።

ቀጥሎ ቲዎሪው። ጣሊያናዊው ሳይንቲስት ቶሪቼሊ በ1640ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያወጣው ሕግ ከቀዳዳ የሚወጣ ውሃ ፍጥነቱ ከዚያው ከፍታ እንደወደቀ ድንጋይ ነው ይላል፤ ሁለት ጊዜ ጂ (የመሬት ስበት) ጊዜ ከፍታው፣ ከዚያ ስኩዌር ሩቱ። መነሻው ላይ በሰከንድ 1.77 ሜትር ይሆናል። ታችኛው መስመር ላይ ከፍታው ሩብ ስለሆነ ፍጥነቱ ግማሽ ነው። የሃይላንዱ ስፋት 10 ሴንቲ ሜትር ከሆነ የውሃው ገጽታ ከቀዳዳው 625 እጥፍ ይሰፋል። ኢንተግሬሽኑን ራስሽ ሥሪው፣ ሁለት መስመር ነው። 56 ሰከንድ ይወጣል።

አሁን ክዳኑን ከፍተሽ ልቀቂው። በስልክሽ ሰዓት ያዢ። ሦስት ጊዜ ድገሚው። ወደ 90 ሰከንድ ይሆንብሻል።

ባለፈው ዓመት ግቢያችን ውስጥ አንድ የጎረቤት ልጅ ይሄንኑ ሲሠራ አጠገቡ ነበርኩ። ሰዓቱ ነው ብሎ የእናቱን ስልክ አመጣ። ልኬቱ ነው ብሎ ማስመሪያ ቀየረ። አራተኛው ላይ ተንበርክኮ ዓይኑን ቀዳዳው ጋ አስጠግቶ ብዙ ቆየ፣ ከዚያ “እንዴ! ይቀጥናል እኮ!” አለ። ትክክል ነበር። ውሃው ወደ ቀዳዳው የሚመጣው ከፊት ለፊት ብቻ ሳይሆን ከላይም ከታችም ከጎንም ነው፤ ጠርዙ ጋ ሲደርስ እንደ ወታደር ቀጥ ብሎ መታጠፍ ስለማይችል ወጥቶም መሰብሰቡን ይቀጥላል፣ ከቀዳዳው ትንሽ አለፍ ብሎ ኤሪያው የቀዳዳውን ኤሪያ 0.62 ያህል ብቻ ይሆናል። 56ን ለ0.62 አካፍዪው። 90 ነው።

ቶሪቼሊ ፍጥነቱ ላይ ብዙም አልተሳሳተም። የተሳሳትነው እኛ ነን፣ ውሃው ቀዳዳውን ሞልቶ ይወጣል ብለን ያሰብነው። ቀዳዳውን ከውስጥ በኩል ክብ አድርገሽ ብታለሰልሺው ውሃው ብዙ አይቀጥንም፣ ሰዓቱም ያጥራል። ለዚህ ነው ስለ ጠርዙ አስቀድሜ የነገርኩሽ። ይሄን 0.62 ከመጽሐፍ ቸክለሽው ቢሆን ኖሮ ከሚድ በኋላ ይረሳ ነበር፤ 34 ሰከንድ ቆመሽ የጠበቅሽው ግን አይረሳም። ሳትጨርሺ ደግሞ መሃል ላይ ክዳኑን ዝጊውና ምን እንደሚሆን እዪ። ምክንያቱን ለጓደኛሽ አስረጂያት።

ሌላው ቤትሽ ውስጥ ያለው ላብ ቡና ሲፈላ ነው። የእጣኑን ጭስ ተመልከቺው። መስኮቱ ተዘግቶ፣ ሰው ሳይንቀሳቀስ። መጀመሪያ እንደ ክር ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ ከዚያ የሆነ ከፍታ ላይ ሲደርስ ይወዛወዝና ይበተናል። ክሩ ላሚናር ነው፣ የተበተነው ተርቡለንት። ኦስቦርን ሬይኖልድስ በ1883 (እ.ኤ.አ.) ማንቸስተር ውስጥ ያሳየው ይሄንኑ በቧንቧ ነው። በመስታወት ቧንቧ ውስጥ በሚሄድ ውሃ መሃል ቀለም በቀጭኑ ለቀቀ፤ ውሃው ቀስ ሲል ቀለሙ ክር ሆኖ ሄደ፣ ሲፈጥን ተደባለቀ። ፍጥነትን በቧንቧው ስፋት አባዝተሽ ለኪኔማቲክ ቪስኮሲቲው (ፈሳሹ ለመፍሰስ የሚያሳየው እምቢታ ለጥግግቱ ተካፍሎ) ስታካፍዪ የሚወጣው የሬይኖልድስ ቁጥር ነው። ቧንቧ ውስጥ 2,300 አካባቢ ላይ ነገሩ መለወጥ ይጀምራል።

የቤትሽን ቧንቧ ለኪው። ባለ 1 ሊትር ዕቃ በ5 ሰከንድ ከሞላ፣ ግማሽ ኢንቹ ቧንቧ ውስጥ ቁጥሩ 17,000 አካባቢ ነው። ከ2,300 በጣም የራቀ። ውሃችን በፈረቃ ነውና የለካሽበትን ባልዲ ውስጥ አጠራቅሚው፣ አይፍሰስ።

ስለ ላቡ። አንድ ማሽን ለአሥራ ሁለት ሰው መሆኑ ያሳዝናል፣ አንቺ የምትፈቺው አይደለም። ማድረግ የምትችዪው አለ። ከላቡ በፊት ባለው ማታ የሚወጣውን ቁጥር አስልተሽ በወረቀት ይዘሽ ግቢ። ከዚያ አንድ ንባብ ብቻ “እኔ ላንብ” በዪ። ቁጥር ይዞ የገባ ሰው ከዳር ቆሞም ቢሆን የሚያየው ሌላ ነው። የቀድሞ ባች ሪፖርት ደግሞ አትገልብጪ። እኔ በተማርኩበት ቤት የተለካው ከመጽሐፉ ካልገጠመ ነጥብ ይቀነስ ነበር። ስለዚህ ሁላችንም ቁጥሩን እያስተካከልን እንጽፍ ነበር። ያ ነገር የጎዳኝ መሆኑ የገባኝ ሥራ ላይ ፓምፕ ስመርጥ ነው፤ ልዩነት ሳይ ደነገጥኩ፣ ምክንያቱም ልዩነት የት እንደሚመጣ ማንም አሳይቶኝ አያውቅም ነበር።

አሁን ወደ ባለቀለሙ ምስል። ሶፍትዌር ሁሌም ምስል ያወጣል። ትክክል ሲሆንም፣ ሲሳሳትም። ስለዚህ መጀመሪያ ትልቁን ሶፍትዌር ተይውና ኤክሴል ክፈቺ። ጎኖቹ እኩል የሆነ አራት ማዕዘን ቧንቧ ውስጥ የሚሄድ ላሚናር ፍሰት ሥሪ። እያንዳንዱ ሴል በዚያ ቦታ ያለው ፍጥነት ነው፤ ዳር ዳሩ ግድግዳ ስለሆነ ዜሮ ሙዪው። መሃል ያለው እያንዳንዱ ሴል የአራቱ ጎረቤቶቹ አማካይ ሲደመር 1 ይሁን። ኢተሬሽኑን (ኤክሴል ስሌቱን ደጋግሞ እንዲሠራ የሚያደርገውን) አብሪው። በቃ፣ ሲሙሌሽን ሠራሽ። መሃሉ ላይ ያለውን ትልቁን ፍጥነት ለመሃል ሴሎች አማካይ (ግድግዳውን ሳትቆጥሪ) አካፍዪው፤ ትክክለኛው መልስ 2.1 አካባቢ ነው። 10 በ10 ላይ በጣም ያንስብሻል። 20 በ20፣ ከዚያ 40 በ40 አድርጊው፣ ሲጠጋ ታያለሽ። ኤክሴል በራሱ 100 ዙር ሄዶ ስለሚቆም ሴሉ ሲበዛ መልሱ ሳይደርስ “ጨረስኩ” ይልሻል፤ ኤፍ 9ን ቁጥሩ መንቀሳቀስ እስኪያቆም ተጫኚው። እነዚህን ሁለት ነገሮች፣ ማለትም ሜሹ (የሴሎቹ መረብ) በቂ መሆኑንና ዙሩ ማለቁን፣ በእጅሽ ካየሽ ዩቲዩብ ላይ የሚነግርሽ የለም ብለሽ አትጨነቂም። ለክብ ቧንቧ መልሱ 2፣ ለሁለት ትይዩ ገጾች 1.5 ነው፤ እነዚህ በእስክሪብቶ ይወጣሉ፣ ፈተና ላይም ይመጣሉ።

ከዚያ ኦፕንፎም የሚባለው የፍሰት ሲሙሌሽን ሶፍትዌር ነጻ ነው፣ አውርጂው። የመጀመሪያው ልምምድ ክዳኑ የሚንሸራተት ሳጥን ነው፣ 20 በ20 ሜሽ፣ ተራ ላፕቶፕ በሴኮንዶች ይጨርሰዋል። ኢንተርኔት ካስቸገረሽ አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ሄደሽ ሞክሪ። ሃይላንዱን በሲሙሌሽን ልሥራ ብለሽ ግን ከመጀመሪያው አትነሺ። ውሃና አየር አብረው ሲኖሩ ነገሩ ይከብዳል፤ የሚቀጥለው ሴሚስተር ይድረስ።

ቦርዱን የሚሞላው ኢኩዌሽን ናቪየር በ1822፣ ስቶክስ በ1845 (እ.ኤ.አ.) የደረሱበት ነው። ውስጡ ያለው የኒውተን ሁለተኛ ሕግ ነው፣ ለፈሳሽ ተጻፈ እንጂ። በሙሉው ማንም አልፈታውም፤ በሦስት አቅጣጫ ሁልጊዜ ለስላሳ መፍትሔ እንዳለው ላረጋገጠ ወይም እንደሌለው ላሳየ 1 ሚሊዮን ዶላር ሽልማት ከ2000 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ተቀምጧል። ስለዚህ ኮርሱ ውስጥ የምትማሪው እሱን መፍታት ሳይሆን የትኛውን ተርም (የኢኩዌሽኑን ቁራጭ) መጣል እንደሚቻል ነው። የበርኑሊን ኢኩዌሽን (ግፊትን፣ ፍጥነትንና ከፍታን የሚያያይዘውን) ስትጽፊ ቪስኮሲቲን ጥለሻል። እያንዳንዱን ዎርክሺት ስትጀምሪ የጣልሽውን በአንድ መስመር ጻፊ። ለሚድ የሚጠቅምሽ ይሄ ነው፣ መቸከል አይደለም።

ጥያቄ፦ ላባችን ያለው ባሮሜትር 76 ኪሎ ፓስካል ነው የሚያሳየው። መጽሐፉ 101.3 ይላል። ጓደኞቼ ተበላሽቷል ብለው 101.3 ጻፉ። እኔስ?
ከስድስት ኪሎ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ያየኸውን ጻፍ። 101.3 የባሕር ወለል ላይ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት፣ ስድስት ኪሎ ደግሞ ከከተማው ከፍ ካሉት አንዱ ነው። እዚህ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ የሚፈላው በዚሁ ምክንያት ነው። አየሩም ሳስቷል፤ በ20 ዲግሪ አንድ ሜትር ኩብ አየር እዚህ 0.9 ኪሎ ግራም አካባቢ ነው፣ መጽሐፉ ውስጥ ግን 1.2። የንፋስ ፍጥነት በፒቶት ቱቦ (ፍጥነትን ከግፊት ልዩነት በሚያወጣው) ከለካችሁና 1.2ን ከተጠቀማችሁ መልሳችሁ በ13 በመቶ ገደማ ያንሳል።

የፓምፕ ጥያቄ ላይ ደግሞ ይብሳል። መጽሐፉ ፓምፕ ከታች ውሃ መሳብ የሚችለው እስከ 10.3 ሜትር ነው ይላል። እዚህ ከተማ በስሌት 7.7 ነው፣ የውሃው ትነትና የቧንቧው ብክነት ሲቀነስ ከዚያም ይወርዳል። መሬት ውስጥ ያለ ታንከር ላይ ፓምፕ ገጥመው “አዲስ ነው፣ ግን አይስብም” የሚሉ ሰዎች አጋጥመውኛል። ፓምፑ ደህና ነበር፤ ከውሃው በጣም ከፍ ብሎ ተቀምጦ ነው። ወደ ታች ሲወርድ ሳበ።

ባሮሜትሩን አትንኩት፣ ደህና ነው።