«ተኩስ አቁም» ሲባል «ሰላም» ማለት ነው?

ጥያቄ፦ ትራምፕና ፑቲን ስለ ዩክሬን ጦርነት ሊነጋገሩ አላስካ በተገናኙ ሰሞን «ተኩስ አቁም» እና «የሰላም ስምምነት» በዜና ሲቀያየሩ አነበብኩ። ስብሰባውንም አንዱ «ጉባኤ»፣ ሌላው «ሽምግልና» ይለዋል። ልዩነት አላቸው?

መልስ፦ አላቸው። ተኩስ አቁም ውጊያውን ብቻ ያስቆማል፤ የሰላም ስምምነት ጦርነቱን ራሱን ይቋጫል። የዚያ ሰሞን ፖለቲካ የተንጠለጠለው በሁለቱ ቃላት ልዩነት ላይ ነበር። ነሐሴ 9 ቀን 2017 ዓ.ም. ትራምፕ ወደ አላስካዋ ከተማ አንኮሬጅ ሲሄዱ የፈለጉት ተኩስ አቁም ነበር። በማግስቱ ግን እሱን ዘልሎ በቀጥታ ወደ ሰላም ስምምነት መሄድ ይሻላል አሉ፤ የሞስኮም ፍላጎት ይኸው ነበር። የዩክሬኑ ፕሬዝዳንት ዘለንስኪና አውሮፓውያን ደግሞ «መጀመሪያ ተኩሱ ይቁም» ባዮች ነበሩ። ተኩስ አቁም ከተዘለለ እስከ ፊርማው ድረስ ውጊያው ይቀጥላል፤ በጦር ሜዳ የበረታውም እየገፋ ይደራደራል። ቃላቱን የቀያየረ ዘጋቢ እንግዲህ ማን ምን እንደጠየቀ ገልብጦ ነገረን ማለት ነው።

ከእኛው ታሪክ የኢትዮ ኤርትራን ጦርነት ይውሰዱ። ሰኔ 11 ቀን 1992 ዓ.ም. አልጀርስ ላይ የተፈረመው ግጭት ማቆሚያ፣ ማለትም የተኩስ አቁም ስምምነት ነው፤ ጦሩን አራራቀ፣ 25 ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው ጊዜያዊ የጸጥታ ቀጣና አበጀ። የሰላም ስምምነቱ የተፈረመው እዚያው ከተማ ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 ዓ.ም. ነው፤ የድንበር ኮሚሽን የተቋቋመውም በዚህኛው ነው። «የአልጀርስ ስምምነት» ስንል ሁለተኛውን ነው።

አንድ የሰዋስው ወጥመድ አለ። «ተኩስ አቁም» እንደ «ልብ አውልቅ» በትእዛዝ ግስ መልክ የተሠራ ስም ነው። የታወቀ ነገርን የሚያመለክተው «ኡ» (እንደ «ቤቱ») ሲጨመርበት «ተኩስ አቁሙ» ይሆንና ለብዙ ሰው ከተሰጠ ትእዛዝ አይለይም። «ተኩስ አቁሙ ጸና» የሚል ርእስ አንባቢን ያደናቅፋል፤ «የተኩስ አቁም ስምምነቱ ጸና» ይበሉ።

«ሽምግልና» አንኮሬጅ ላይ አልነበረም። ሽማግሌ የሚቀመጠው በሁለት ባለጉዳዮች መካከል ነው፤ ዩክሬን ግን አልተጠራችም። ሦስት ለሦስት ሆነው ሦስት ሰዓት ለሚጠጋ ጊዜ ተነጋገሩ፣ ያለ ስምምነት ተለያዩ። ለእኔ ይህ «የመሪዎች ውይይት» ነው። «ጉባኤ» ከግእዙ «ተጋብአ» (ተሰበሰበ) ጋር የሚዛመድ ስለሆነ ሰፋ ላለ ስብስብ ቢቀር እመርጣለሁ፤ «የመሪዎች ጉባኤ» ያለውን ግን ተሳሳተ አልለውም፣ ለምዷል። በ«ዔ» «ጉባዔ» ብሎ መጻፍ ግን ስሕተት ነው፤ ሥሩ ላይ ያለው አልፉ «አ» ነው።