የቡድን ብስክሌት ጉዞ የሚመሩ በጎ ፈቃደኞችን ስለ ማደራጀት

ወደ 20 የሚጠጉ፣ አቅማቸው የተለያየ ሰዎችን በብስክሌት ለማስጓዝ ስንት በጎ ፈቃደኛ እንደሚያስፈልግና ሥራውን እንዴት እንደሚከፋፈሉት ጠይቀዋል። በእኔ አስተያየት ከቁጥሩ ይልቅ አሰላለፉ ይቀድማል፤ አንድ ሰው ከፊት ይምራ፣ አንድ ሰው ከሁሉም ኋላ ይሁን፣ ሁለት ወይም ሦስት ደግሞ በመካከል ይኑሩ። ብዙዎች ጠንካራውን ብስክሌተኛ ከፊት ያስቀምጡታል፤ እኔ ግን ከኋላ እንዲሆን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም የተነፈሰ ጎማ የሚጠግነው፣ የደከመውን የሚያበረታታውና ወደ ኋላ የቀረውን ይዞ የሚደርሰው እሱ ነው።

ቡድን አብዛኛውን ጊዜ የሚበታተነው በመታጠፊያ ላይ ነው። ስለዚህ መሪው መታጠፊያ ላይ ሲደርስ ከመካከለኞቹ አንዱን ያቆማል፤ እሱም ከመንገዱ ዳር ወጥቶ፣ የመጨረሻው በጎ ፈቃደኛ እስኪደርስ ድረስ ለሚያልፉት ሁሉ አቅጣጫ ካመለከተ በኋላ ወደ ሰልፉ ይመለሳል። ቆሞ መጠባበቅ ካስፈለገም መስቀለኛውን ካለፉ በኋላ፣ ከመኪና መንገድ ውጭ በሆነ ሰፊ ቦታ ይሁን። በጎ ፈቃደኞች በአብዛኛው ተሽከርካሪ የማስቆም ሥልጣን ስለሌላቸው፣ ይህን እንዳይሞክሩ አስቀድሞ በግልጽ ይነገራቸው (አንጸባራቂ ሰደርያ መልበስ ማንንም የትራፊክ ፖሊስ አያደርግም)።

መንገዱን በጎ ፈቃደኞቹ ራሳቸው አስቀድመው፣ ጉዞው በሚካሄድበት ሰዓት በብስክሌት ሄደው ይመልከቱት፤ ጠዋት ጭር ያለ ጎዳና ከሰዓት በኋላ በመኪና ሊጨናነቅ ይችላል። ከመነሣት በፊት የሁሉም ብስክሌት ፍሬን፣ ጎማና ካቴና ይፈተሽ፤ ፍሬኑ የማይዝ ብስክሌት ካልተስተካከለ በቀር፣ ባለቤቱ ቅር ቢለውም እንኳ፣ ባይሄድ ይሻላል።