መኪናዬ ምን ሆና ነው የምትጮኸው?

ጥያቄ፦ ሰላም ለአምዱ አዘጋጅ። የ2003 ሞዴል ቪትዝ አለችኝ፣ አውቶማቲክ ናት። ከተማ ውስጥ ምንም አትል። ወደ አዳማ በፈጣኑ መንገድ ስወጣ ግን ከ60 ጀምሮ «ኡኡኡ» የሚል ድምፅ ይመጣል፣ ፍጥነት ስጨምር አብሮ ይጨምራል። አንዱ መካኒክ «ካምቢዮ ነው፣ ይውረድ» አለኝ። ሌላው ጎማ ነው ይላል። ማንን ልመን? (ከቃሊቲ)

መልስ፦ ለጊዜው ማንንም። ካምቢዮ ማስወረድ ቀልድ አይደለም፣ የእጅ ዋጋው ብቻ ያማል። ከዚያ በፊት በነፃ የምታጣራው ነገር አለ።

መጀመሪያ ድምፁ የሚከተለው ሞተሩን ነው ወይስ ጎማውን? ቆመህ፣ ማርሹን ፒ ላይ አድርገህ ነዳጅ ስጥ። ምንም ካልሰማህ ጭር ያለ ቀጥ ያለ መንገድ ፈልግና 70 ላይ ስትደርስ ለጥቂት ሰከንድ ፍሪ አድርጋት። ሞተሩን ግን እንዳታጠፋ! መሪውም ፍሬኑም ይከብድሃል። የሞተሩ ዙር ወርዶ ጩኸቱ እንደነበረ ከቀጠለ ሞተሩን ተወው። ካምቢዮው ግን ገና ነፃ አልወጣም፣ ውስጡ ከጎማው ጋር አብሮ የሚዞር ጥርስ አለ። ቢሆንም እንዲህ ያለ ጩኸት ሲመጣ እኔ ቀድሜ የምጠረጥረው የጎማ ኩሽኔታ ነው፣ ጎማው ያለችግር እንዲዞር የሚያደርገው ውስጡ ኳስ ያለበት ቀለበት።

እሱን ለመለየት እየሄድክ መሪውን ቀስ ብለህ ወደ ግራ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ ያዝ አድርገው። ወደ ግራ ስትታጠፍ ክብደቱ የሚጫነው ቀኝ ጎማ ላይ ነው። ስለዚህ ወደ ግራ ስትይዝ ድምፁ ከባሰ ጥፋተኛው አብዛኛውን ጊዜ የቀኙ ነው። ብዙ ሰው ይህን ይገለብጠውና ደህናውን አስቀይሮ እየጮኸ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

በመሪ ካልተለወጠስ? እጅህን በጎማው ጥርስ ላይ አሳልፍ። ወጣ ገባ ሆኖ ከተበላ እሱም እንደዚሁ ያጉረመርማል። የፊቱን ጎማ ወደ ኋላ አስቀይርና ስማ፤ ድምፁ አብሮ ወደ ኋላ ከሄደ ተገላገልክ፣ ካምቢዮም ኩሽኔታም አይደለም።

ኩሽኔታ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ አንድ ነገር አደራ። የቪትዝ የፊት ኩሽኔታ በፕሬስ ተጭኖ ነው የሚገባው። በመዶሻ እየቀጠቀጠ ሊያስገባልህ የሚሞክር ካየህ «ቆይ ወንድሜ» በለው። ምቱ በውስጡ ኳሶች በኩል ስለሚያልፍ አዲሱ ዕቃ ገና ሳይሠራ ይጎዳል፣ ከዚያ ሲጮህ ጥፋቱ «የቻይና ዕቃ ስለሆነ ነው» ይባላል። ፕሬስ ያለው ጋራዥ ወይም ቶርኖ ቤት ይሻላል።

ጥያቄ፦ ክረምት ላይ ጠዋት ስነሳ ፍሬኔ «ክርርር» ይላል፣ ትንሽ ከሄድኩ በኋላ ይጠፋል። ሰሞኑን ደግሞ ቀኑን ሙሉ «ሲጥጥ» የሚል ቀጭን ድምፅ ጨመረች። ሁለቱ አንድ ናቸው? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ አይደሉም እህቴ። የጠዋቱ ዝገት ነው። ሌሊት ዝናብ የመታው ዲስክ ቶሎ ይዝጋል፣ ጥቂት ጊዜ ፍሬን ስትይዢ ዲስኩን ጨምቆ የሚይዘው የፍሬን ሸራ ይጠርገዋል። እርሺው። ቀጭኑን ግን አትርሺው። ብዙ ሸራዎች ላይ ትንሽ ብረት አለች፣ ሸራው ሊያልቅ ሲል ዲስኩን እየነካች እንድትጮህ ሆን ተብሎ የተሠራች። ስለዚህ ጎማውን አስፈትተሽ የሸራውን ውፍረት በዓይንሽ እዪ፤ 3 ሚሊ ሜትር አካባቢ ከደረሰ ለውጪ። ጥንድ ጥንዱን፣ ግራና ቀኙን አንድ ላይ። ሲጥታው ወደ ብረት ለብረት መፋጨት ከተቀየረ ዲስኩም አብሮ እየተበላ ነው፣ ወጪው እጥፍ ይሆናል።

ጥያቄ፦ መሪ እስከ ጥግ ጠምዝዤ ስነሳ «ቀጭ ቀጭ ቀጭ» ይላል። ቀጥ ብዬ ስሄድ ጸጥ። (ከመገናኛ)

መልስ፦ ሲቪ ጆይንት፣ ማለትም የሞተሩን ጉልበት ወደ ጎማው የሚያደርሰው ተጣጣፊ መገጣጠሚያ። ከፊት ጎማ ጀርባ ያለውን የጆይንቱን የላስቲክ ሽፋን እይ፤ ተቀዶ ግሪሱ ቸርኬው ላይ ተረጭቶ ታገኘዋለህ። ሽፋኑ ብቻ ተቀዶ ገና ድምፅ ሳይጀምር ቢሆን ኖሮ በሽፋንና በግሪስ ያልፍ ነበር። አሁን ግን አቧራ ገብቶ በልቶታል፣ ጆይንቱ ራሱ ይቀየራል።

ጥያቄ፦ ትናንት ጎሚስታ ጋ ጎማ አስለጥፌ ነበር። ዛሬ ከፊት «ኳ ኳ» ይላል፣ መሪውም ይንቀጠቀጣል። ቅዳሜ ጋራዥ ልወስዳት አስቤያለሁ። (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ቅዳሜን አይጠብቁ! ይህን እንዳነበቡ የጎማ ብሎን መፍቻ ይያዙና ይውረዱ። ብሎኑ ላልቶ ሊሆን ይችላል፣ እንዲህ ሆኖ ጎማ በመንገድ ላይ ወልቆ ይሄዳል። በተርታ ሳይሆን በተቃራኒ፣ በመስቀል ያጥብቁ። የብሎኑ ቀዳዳ ሰፍቶ ወይም ጥርሱ ተበልቶ ካገኙት መኪናዋን አያንቀሳቅሱ፣ መካኒኩ ያለችበት ይምጣ።