እናቶቹ አጨበጨቡ፣ ፌስታሉ ግን ቦይ ውስጥ ነው

ጠያቂዋ የኮምቦልቻ ልጅ ናት። በአካባቢ ሳይንስ ከተመረቀች ዓመት ሊሞላት ነው። በቀበሌ አዳራሽ ለእናቶች ስለ ቆሻሻ አወጋገድ በበጎ ፈቃድ አስተምራ ነበር። «በጥሞና ሰሙኝ፣ አጨበጨቡልኝም። በሳምንቱ ግን ፌስታሉ እዚያው ቦይ ውስጥ ነው። ትልቅ ሰው ማስተማር አልችልበትም ማለት ነው? ለመሆኑ በዚህ ሙያ እንጀራ ይበላል? ወይስ ማስተርሴን ልቀጥል?» ስትል ጽፋልኛለች።

እህቴ፣ አብሽሪ። እናቶቹ ፌስታል ቦይ እንደሚደፍን ካንቺ በፊት ያውቃሉ። ክረምት ላይ ጎርፉ የሚገባው እነሱ ቤት ነው። የሚያውቁትን መልሰሽ ነገርሻቸው፤ እነሱም አክብረውሽ አጨበጨቡ። ትልቅ ሰው ደግሞ ጆሮውን ከልቡ የሚሰጠው ዛሬ ላስጨነቀው ጉዳይ ነው። ብራዚላዊው የጎልማሶች መምህር ፓውሎ ፍሬሬ በ1963 እ.ኤ.አ. አንጊኮስ በምትባል ከተማ ወደ 300 ለሚጠጉ ሠራተኞች በ40 ሰዓት ገደማ ማንበብና መጻፍ ያስተማረው ከራሳቸው ኑሮ በተለቀሙ ቃላት ተነስቶ ነው። አንቺም ከነሱ ተነሺ።

አዳራሹን ለጊዜው ተዪውና ወደ ቅሬ፣ ሌላው አገር እድር ወደሚለው፣ ሂጂ። የወሎ ቅሬ ሙስሊሙንም ክርስቲያኑንም አንድ ላይ የያዘ ነው። ቅሬ የወሰነው ነገር ይፈጸማል፤ የቀረ ይቀጣል። አንድ ባለሙያ ከውጭ መጥቶ ይህን ጉልበት ሊፈጥረው አይችልም። መጀመሪያ የቅሬውን ዳኛ፣ ማለትም መሪውን፣ አነጋግሪ። ከሴቶቹ ጋር ቡና ጠጪ። በመጀመሪያው ቀን ምንም አታስተምሪ፤ ጠይቂ ብቻ። ልጅ ሳላችሁ የቦርከና ወንዝ ምን ይመስል ነበር? ልብስ የት ይታጠብ ነበር? ከብቱ ዛሬ የት ይጠጣል? ክረምት ላይ ውሃው መጀመሪያ የማንን በር ይመታል?

ከዚያ አብራችሁ ወንዙን ተከትላችሁ ውረዱ። ስትመለሱ መሬት ላይ በጠጠርና በእንጨት ካርታ ሥሩ። ፊደል ያልቆጠሩ እናቶች እዚህ ላይ ካንቺ ይበልጣሉ፤ የትኛው ቦይ የት እንደሚገባ በቃላቸው ነው የሚያውቁት። ያንቺ ሳይንስ የሚገባው ከዚህ በኋላ ነው። ቦርከና ከደሴ በኩል ወርዶ ኮምቦልቻን አልፎ ወደ ከሚሴና ጨፋ ይሄዳል፤ መጨረሻውም አዋሽ ነው። ደሴ ላይ የተጣለው እናንተ ጋ ይደርሳል። እናንተ የለቀቃችሁትን ደግሞ የጨፋ ከብት ይጠጣዋል። ይህን በነሱ ካርታ ላይ አሳዪያቸው። የአሲድ መለኪያ ወረቀት ይዘሽ ከከተማው በላይና በታች ለክታችሁ መዝግቡ። አንድ ነገር ግን አደራ፦ ያልለካሽውን አትናገሪ። ቆዳ ፋብሪካ የሚጠቀምበት ክሮሚየም ውሃ ውስጥ መኖሩ በዓይንም በዚያ ወረቀትም አይታወቅም፤ ላቦራቶሪ ይፈልጋል። ሰው ካስደነገጥሽ በኋላ ማስረጃ ከጠፋ ሁለተኛ አያምኑሽም።

ሕጉንም ይዘሽላቸው ሂጂ። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 የአንድ ፕሮጀክት ጥናት ለሕዝብ ክፍት ሆኖ አስተያየት እንዲሰጥበት ያዛል። ኢንዱስትሪ ፓርክ ባለበት ከተማ ይህን የሚያውቅ ቅሬ ማለት ትልቅ ነገር ነው። መጀመሪያ ግን በእጃቸው ያለውን አንድ ጉዳይ ይምረጡ፤ ቦዩን ማን በየስንት ጊዜው ይጠርጋል፣ በፌስታል ፈንታ ዘንቢል ማን ይይዛል፣ እንዲህ ያለውን። ምርጫው የነሱ ይሁን። አንቺ ሌላ ብትመርጪ እንኳ ታገሺ።

ወደ እንጀራው እንምጣ። «የአካባቢ ጉዳይ የጎልማሶች መምህር ይፈለጋል» የሚል ማስታወቂያ አትጠብቂ። ሥራው ሌላ ስም ይዞ ነው የሚወጣው፦ የማህበረሰብ ተሳትፎ ባለሙያ፣ የማህበረሰብ ንቅናቄ ባለሙያ፣ የባህሪ ለውጥ ተግባቦት ባለሙያ። የከተማው አካባቢ ጥበቃ፣ ጽዳትና ውበት፣ ውሃና ፍሳሽ ይቀጥራሉ። ትምህርት ጽሕፈት ቤት ውስጥ ደግሞ የጎልማሶች ትምህርት ክፍል አለ፤ ብዙ የአካባቢ ሳይንስ ምሩቃን በሩን አያንኳኩም፣ አንቺ አንኳኪ። የመንግሥቱ ደመወዝ ትንሽ ነው፣ ግን አይቋረጥም። ግብረ ሰናይ ድርጅት የተሻለ ይከፍላል፤ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ግን ኮንትራቱም ያልቃል። የቤተሰብ ጫና ካለብሽ ይህን ቀድመሽ አስቢበት። ፋብሪካዎችም የአካባቢና ደህንነት ባለሙያ ይፈልጋሉ፤ ከጎረቤት ነዋሪ ጋር ቁጭ ብሎ መነጋገር የሚችል ሰው ግን በቀላሉ አያገኙም።

ማስተርሱን አሁን አትጀምሪ ባይ ነኝ። አንድ ክረምት ከአንድ ቅሬ ጋር ሥሪ። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የጎልማሶች ትምህርትና የማህበረሰብ ልማት ትምህርት ክፍል አለው፤ ያኔ የራስሽን ጥያቄ ይዘሽ ትገቢያለሽ።

የሠራሽውን ሁሉ መዝግቢ። ቦዩ ከመጠረጉ በፊትና በኋላ ፎቶ አንሺ፤ ሰው ካለበት አስፈቅደሽ። ቅሬው ምን ወሰነ፣ ምኑ ተሠራ፣ ምኑ ከሸፈ የሚለውን በሁለት ሦስት ገጽ ጻፊው። የከሸፈውን አትደብቂ፤ ጥሩ ቀጣሪ መጀመሪያ የሚጠይቅሽ እሱን ነው። ከቅሬውም የድጋፍ ደብዳቤ ውሰጂ፣ ማህተም ካላቸው በማህተም። ሥራው ሳይቀዘቅዝ ጠይቂያቸው፤ ዳኛው ከተቀየረ አዲሱ ላያውቅሽ ይችላል።