ሁለት ፓኬጆች አንድ ላይብረሪ በተለያየ ቨርዥን ሲፈልጉ ከየት ልጀምር?

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ባጭሩ ልድገመውና ልጀምር። ፍላተርን (አፕ የምትሠራበትን መሣሪያ) ካሻሻልክ በኋላ ፐብ ጌት፣ ማለትም አፑ የሚጠቀምባቸውን ፓኬጆች የሚያመጣው ትእዛዝ፣ እምቢ አለህ። ፍላተር ሎካላይዜሽንስ (የፍላተር የቋንቋዎች ክፍል) ኢንትልን፣ ቀንና ቁጥርን በየቋንቋው የሚያሳየውን ፓኬጅ፣ 0.20.2 ላይ ይፈልገዋል። የካላንደር ፓኬጅህ ደግሞ 0.19.0ን ከካሬት ምልክት (^) ጋር ጠይቋል። "ኦቨርራይድ አድርገውና ተገላገል" አሉህ፣ ማለትም ቨርዥኑን በግድ ወስንለት፤ አደረግከው፣ አለፈ። አሁን ግን አንድሮይድ ላይ ቢልድ ስታደርግ "ዱፕሊኬት ክላስ" (አንድ የኮድ ክፍል ሁለቴ ገብቷል) የሚልና የኮትሊን (የአንድሮይድ ኮድ የሚጻፍበት ቋንቋ) ስሞች የሞሉበት ረጅም ኤረር መጣብህ።

መጀመሪያ ሁለቱን እንለያቸው። የመጀመሪያው የዳርት (የፍላተር ኮድ የሚጻፍበት ቋንቋ) ጉዳይ ነው፣ ሁለተኛው የግሬድል (የአንድሮይዱን አፕ የሚገነባው መሣሪያ)። ኢንትል ንጹህ የዳርት ፓኬጅ ስለሆነ የኮትሊን ክላስ ሊያባዛ አይችልም። ሁለተኛው ችግር ከኦቨርራይዱ የመጣ አይደለም፤ ቢልዱ እዚያ ድረስ ስላልደረሰ ነው ያላየኸው። ስለዚህ ኦቨርራይዱን እያነሳህና እየመለስክ አትድከም።

ወደ ኢንትል እንምጣ። ዳርት በአንድ አፕ ውስጥ የአንድን ፓኬጅ አንድ ቨርዥን ብቻ ነው የሚቀበለው። ስለዚህ ሁሉም ጠያቂዎች የሚስማሙበት አንድ ቁጥር መገኘት አለበት። ካሬቱ እዚህ ጋ ብዙ ሰው ያሳስታል። ከ1 በላይ በሆነ ቨርዥን ላይ፣ ለምሳሌ 1.2.3 ላይ ብታደርገው፣ እስከ 2.0.0 ድረስ ያለውን ሁሉ ይቀበላል፤ 2.0.0 ራሱ አይካተትም። ቁጥሩ በ0 ሲጀምር ግን በጣም ይጠባል። ካሬት 0.19.0 ማለት ከ0.19.0 ጀምሮ ከ0.20.0 በታች ማለት ነው። 0.20.2 ለዓይን ቅርብ ቢመስልም ለፐብ (ለዳርት የፓኬጅ አስተዳዳሪ) ግን ሌላ ሜጀር፣ ማለትም ትልቅ ለውጥ ያለበት፣ ቨርዥን እንደማለት ነው።

እኔ ሁልጊዜ የምጀምረው አንድ ጥያቄ በመጠየቅ ነው፦ ከተጣሉት ውስጥ የማይንቀሳቀሰው የቱ ነው? ፐብ ከዳርት 2 ጀምሮ የሚጠቀምበት ፐብግረብ የሚባል ስልት አለ። ለምን እንዳልተሳካለት "ይሄ ያንን ስለሚፈልግ፣ ያ ደግሞ ይህንን ስለሚከለክል" እያለ በዓረፍተ ነገር ይነግርሃል። ኤረሩን ከላይ እስከ ታች አንብበው፤ በእውነት ለሰው የተጻፈ ነው። "ፍሮም ኤስዲኬ" (ከራሱ ከፍላተር መሣሪያ የመጣ) የሚል ካየህ የማይንቀሳቀሰውን አገኘኸው ማለት ነው። ፍላተር ሎካላይዜሽንስ ከኤስዲኬው ጋር አብሮ ስለሚመጣ ኢንትልን አንድ ቁጥር ላይ ቸክሎታል። ያንን ቁጥር ያለ ኦቨርራይድ መቀየር የምትችለው ፍላተርን ራሱን በመቀየር ብቻ ነው። ስለዚህ መንቀሳቀስ ያለበት ካላንደሩ ነው።

እንዲህ አድርግ። ራስህ ፐብስፔክህ (የፓኬጆችህ ዝርዝር ያለበት ፋይል) ውስጥ ኢንትልን ከነቁጥሩ ጽፈህ ከሆነ ቁጥሩን አውጣና "ኤኒ" (የትኛውም) በለው። ቁጥሩን ኤስዲኬው ይወስንልሃል፤ ፍላተርን ባሻሻልክ ቁጥርም አንተን አይጠብቅም። ከዚያ ያረጁ ፓኬጆችን የሚዘረዝረውን ፐብ አውትዴትድን አሂድ። ካላንደሩ አዲስ ቨርዥን ካለው እዚያው ይታይሃል። ወደ አዲሱ ከመሄድህ በፊት ቼንጅሎጉን (የለውጦቹን ዝርዝር) አንብብ፣ በተለይ ሜጀር ቁጥሩ ከተቀየረ። ብዙውን ጊዜ ነገሩ እዚህ ላይ ያልቃል።

አዲስ ቨርዥን ከሌለውስ? ያኔ ኦቨርራይድ ይፈቀዳል፣ ግን ምን እንደሆነ አውቀህ። ኦቨርራይድ ግጭቱን አይፈታውም፤ ፐብ ስለ ግጭቱ እንዳይናገር ነው የሚያደርገው። የካላንደሩ ኮድ በአዲሱ ኢንትል የተቀየረ ነገር የሚጠራ ከሆነ ወይ ኮምፓይል ሲሆን ይወድቃል፣ ወይ ደግሞ ሳይወድቅ ቀኑን በተሳሳተ መልክ ያሳይሃል። ሁለተኛው ይብሳል፣ ምክንያቱም መጀመሪያ የሚያየው ተጠቃሚው ነው። ስለዚህ ከኦቨርራይዱ በላይ ኮሜንት ጻፍ፦ ለየትኛው ፓኬጅ ሲባል እንደተደረገና መቼ መነሳት እንዳለበት። ካላንደሩ ያለባቸውን ገጾችም በእጅህ እየነካካህ ሞክራቸው። ኮሜንት የሌለው ኦቨርራይድ ያለበት ፕሮጀክት ተረክቤ አውቃለሁ፤ ማንም ሊነካው አይደፍርም፣ ኤስዲኬ በተሻሻለ ቁጥር ቡድኑ በሙሉ ይሰቃያል።

ፓኬጁ ረጅም ጊዜ ካልተነካና የተከፈቱት ኢሹዎች (የችግር ሪፖርቶች) መልስ ካጡ፣ እኔ ብሆን ሌላ እፈልጋለሁ። ዛሬ ብታልፈው በሚቀጥለው የፍላተር ማሻሻያ እዚያው ትመለሳለህ። ፍላተርን ወደ ኋላ መመለስ ግን አልመክርህም፤ ለአንድ ካላንደር ሲባል ሌሎቹን ፓኬጆች ሁሉ ታስቀራለህ።

አሁን ወደ ዱፕሊኬት ክላሱ። ግሬድል ከፐብ የተለየ ጠባይ አለው። ሁለት ላይብረሪዎች አንድን ነገር በተለያየ ቨርዥን ከጠየቁ አይጮህም፤ ከፍተኛውን ይመርጥና ያልፋል። ታዲያ ለምን ተባዛብህ? ስማቸው የተለያየ ስለሆነ ነው። ኮትሊን 1.8.0 ላይ በፊት ጄዲኬ7 እና ጄዲኬ8 በሚል ቅጥያ ለብቻቸው ይመጡ የነበሩት ክላሶች ወደ ዋናው ኮትሊን ስታንዳርድ ላይብረሪ ገቡ። አንዱ ፕለጊንህ (የአንድሮይድ ኮድ ያለው ፓኬጅ) አዲሱን ስታንዳርድ ላይብረሪ ያመጣል። ሌላው አሮጌውን ባለ ጄዲኬ8 ቅጥያ ያመጣል። ግሬድል ሁለቱን የተለያዩ ላይብረሪዎች አድርጎ ስለሚያይ ሁለቱንም ያስገባል፣ ክላሶቹ ይጋጫሉ።

መፍትሔው ቁጥሮቹን ማስተካከል ነው። አንድሮይድ ፎልደር ውስጥ፣ በአፑ የግሬድል ፋይል ላይ፣ የኮትሊንን ቦም (የኮትሊን ላይብረሪዎችን ቨርዥን የሚያስማማ ዝርዝር) በፕላትፎርም መልክ ጨምር፤ ቁጥሩ 1.8.0 ወይም ከዚያ በላይ ይሁን። ያኔ ባለ ቅጥያዎቹም አብረው ከፍ ይላሉ፣ በአዲሱ ቨርዥን ደግሞ ውስጣቸው እነዚያ ክላሶች የሉም። የፕሮጀክቱ የኮትሊን ፕለጊን አሮጌ ከሆነ እሱንም አብረህ አሳድገው። "ኤክስክሉድ" (ላይብረሪውን አስቀረው) የሚል ምክር ታገኝ ይሆናል፤ ይሠራል፣ ግን ነገ ሌላ ፕለጊን ስትጨምር እንደገና መጻፍ ሊኖርብህ ይችላል።

አሮጌውን ማን እንደሚያመጣው ለማወቅ የግሬድሉን ዲፔንደንሲ ኢንሳይት አሂድ። ከጎኑ የላይብረሪውን ስም ስጠው፣ ኮንፊገሬሽኑንም ሪሊዝ ረንታይም ክላስፓዝ አድርገው። በማን በኩል እንደመጣ ሰንሰለቱን ያሳይሃል። ይህን ትእዛዝ የማያውቅ ሰው ፕለጊኖቹን አንድ በአንድ እያወጣ ሲሞክር ይውላል፣ ያሳዝነኛል።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። ግሬድል ከፍተኛውን መምረጡ ሁልጊዜ ደህና አይደለም። ለአሮጌው ቨርዥን የተጻፈ ላይብረሪ አዲሱ ውስጥ የጠፋ ሜተድ ከጠራ፣ ቢልዱ ያልፋል፤ አፑ ግን እዚያ ቦታ ላይ ሲደርስ "ኖ ሳች ሜተድ" ብሎ ክራሽ ያደርጋል። ስለዚህ የሪሊዝ ቢልዱን እውነተኛ ስልክ ላይ ሳትሞክር አትልቀቅ።

አይኦኤስ (አይፎን) ላይ ኮኮፖድስ፣ የዚያው የላይብረሪ አስተዳዳሪ፣ ተመሳሳይ ኤረር ካሳየህ የተጣላውን ፖድ (ላይብረሪ) ብቻ ስሙን ጠርተህ አፕዴት አድርግ። የሎክ ፋይሉን (የተመረጡት ቨርዥኖች የተመዘገቡበትን) በሙሉ አትሰርዝ፤ ሌሎቹም ሳታስበው ይቀየራሉ። የፐብስፔክ ሎክም ያው ነው፣ ጊት ውስጥ ይግባ፣ ቡድኑ በሙሉ አንድ ዓይነት ቨርዥን ላይ እንዲሆን።

ቦሙን ጨምረህም ካላለፈልህ የኢንሳይቱን ውጤት በሙሉ እዚህ ለጥፍልኝ። ስክሪንሾት ሳይሆን ጽሑፉን፣ ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ። ከማን እንደመጣ አብረን እናየዋለን።