«ጥፋቱ የአፈሩ ነው» ላለዎት ኮንትራክተር

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ውስጥ ጂ+2 ቤት አሠርቼ በ2014 ዓ.ም. ተረከብኩ። ዘንድሮ ግድግዳው ከመስኮቶቹ ጥግ ጀምሮ በሰያፍ ተሰነጠቀ። በሮችም አልዘጋ አሉ። ኮንትራክተሩ «ውላችን ላይ ዋስትናው 1 ዓመት ነው፤ ደግሞም ጥፋቱ የአፈሩ ነው» አለኝ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ሁለቱም መልስ አያዋጣውም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 3039 መሠረት ኮንትራክተሩ ለሥራው ጥራትና ለሕንፃው ጥንካሬ ከርክክብ ጀምሮ ለ10 ዓመት ኃላፊ ነው። ይህን ጊዜ የሚያሳጥር የውል ቃል ዋጋ የለውም። ስለዚህ «1 ዓመት» የሚለው ላይ ቢፈርሙም አያስርዎትም።

የአፈሩ ሰበብ ደግሞ ጭራሽ ራሱን ነው የሚጎዳው። ያው ቁጥር በአፈሩ ጠባይ ለሚደርስ ጉዳትም ተጠያቂ የሚያደርገው እሱኑ ነው። አዲስ አበባ ብዙ ቦታ ያለው ጥቁር ዋልካ አፈር ውሃ ሲጠግብ ይነፋል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል። መሠረቱን ከፍ ዝቅ እያደረገ ግድግዳ ይሰነጥቃል። ሙያው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። አፈር ሳያስመረምር ቆፍሮ ኮንክሪት የሞላ ኮንትራክተር «አላወቅሁም» ቢል ማን ይሰማዋል?

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ከርክክብ በኋላ ፎቅ ጨምረዋል? ሳሎኑ እንዲሰፋ ብለው ኮለን (ቋሚ ተሸካሚ ምሰሶ) አስነስተዋል? ለጂ+2 በተሰላ መሠረት ላይ ሌላ ጭነት ከመጣ ክርክሩ ወደ እርስዎ ይዞራል። ለጠበቃዎ ይህን አይደብቁ።

ስህተቱ የስሌት ከሆነ ዲዛይኑን የሠራው መሐንዲስም አይቀርለትም። ከሌላ ሳይት ተገልብጦ ስም ብቻ የተቀየረበት ስትራክቸር ዲዛይን (የመሠረቱና የተሸካሚ አካላቱ ስሌት) አዲስ ነገር አይደለም። ቁጥር 2031 ባለሙያ የሙያውን ደንብ እንዲጠብቅ ያስገድዳል። በዚህ መንገድ ከከሰሱ ግን ጊዜው አጭር ነው፤ በቁጥር 2143 መሠረት ጉዳቱ ከደረሰ በ2 ዓመት ውስጥ መክሰስ አለብዎት።

ለአሁኑ ስንጥቁን አያስለስኑት፤ ማስረጃዎ እሱ ነው። ማስመሪያ አጠገቡ አድርገው በየጊዜው ፎቶ ያንሱ። በሥራው ላይ ያልነበረ ስትራክቸራል ኢንጂነር ምክንያቱን በጽሑፍ ይንገርዎት። ውሉን፣ የርክክብ ሰነዱን፣ የጸደቀውን ፕላንና የአፈር ምርመራ ካለ እሱንም ይሰብስቡ። ለኮንትራክተሩም በስልክ ሳይሆን በጽሑፍ ያሳውቁ።

ስንጥቁ ኮለን ወይም ቢም (አግዳሚ ተሸካሚ) ላይ ከታየ ግን ቤተሰብዎን ዛሬውኑ ያስወጡ። ጎረቤትንም ያስጠንቅቁ። ቤቱ ሰው ላይ ጉዳት ካደረሰ ቁጥር 2077 መጀመሪያ የሚይዘው ባለቤቱን ነው፤ ከኮንትራክተሩ የሚጠይቁት እርስዎ ከከፈሉ በኋላ ይሆናል።