ኢንተርኩለሩን ከማጠብህ በፊት ማስቲሹን ፈልግ

«ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ። ሲኖ 371 አለኝ፤ ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ እህል እጭናለሁ። ከ5 ወር በፊት ቱርቦ አስቀየርኩ። ከወር በኋላ ጀምሮ የዓባይን ዳገት ስወጣ ጉልበት ያጣል፣ ጥቁር ጭስ ይለቃል። ጠዋት ነዳጅ ሳልረግጥ በሚኒሞ ሲቆይ ደግሞ ሰማያዊ ያጨሳል። የኢንተርኩለሩን የታች ማኒኮቶ፣ የጎማውን ቱቦ፣ ብፈታው ግማሽ ሊትር የሚሆን ዘይት ወጣ። ጎረቤቴ በቤንዚን እጠበው ይለኛል። ግቢዬ ውስጥ ራሴ ማጠብ እችላለሁ? ወይስ ሌላ ቱርቦ ልግዛ? ፎቶ ልኬልዎታለሁ።»

ወንድሜ፣ ኢንተርኩለሩን፣ ያን ቱርቦው ለሞተሩ የጨመቀውን አየር የሚያቀዘቅዘውን ዕቃ፣ ማጠብ ትችላለህ። በቤንዚን ግን አይሞከርም። ለምን እንደሆነ ከአንድ ጊዜ በላይ ስለምነግርህ ታገሠኝ። ቱርቦ ደግሞ ገና አትግዛ።

ከደብዳቤህ ውስጥ ዓይኔን የያዘችው «ከወር በኋላ ጀምሮ» የምትለዋ ናት። ችግሩ ቱርቦው ከተቀየረ ብዙ ሳይቆይ ስለመጣ አገጣጠሙን ጠረጠርኩ። ከዚያ ፎቶህን አየሁት። ከቱርቦው ሆድ ወደ ታች የሚወርደው የዘይት መመለሻ ቱቦ አፍ ዙሪያ ቀይ ማስቲሽ፣ ያ የማሸጊያ ሙጫ፣ ገንፍሎ ደርቋል። ወደ ውጭ ይህን ያህል የገነፈለ ማስቲሽ ወደ ውስጥም ገንፍሏል። ግምቴ ይኸው ነው። መመለሻው በከፊል ተዘግቷል። ዘይቱ መውረጃ አጥቶ ወደ አየሩ በኩል እየሾለከ ነው። ኢንተርኩለርህን የሞላው እሱ ነው። ልሳሳት እችላለሁ፤ ቢሆንም ያንን ቱቦ ፈትተህ ሳታይ ሌላ ምንም አትንካ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ቱርቦ ያለ ጥፋቱ የሚከሰስ ዕቃ ነውና። ሰው ሁሉ ዘይት ሲያይ «ጎሚኒው ሄዷል» ይላል። የቱርቦ ዘንግ ላይ ጎሚኒ የለም። በደቂቃ ወደ 100 ሺህ ዙር የሚጠጋ የሚሽከረከር፣ አንድ ጫፉን የጭስ እሳት የሚልሰው ዘንግ ላይ ጎማ ብታስር ውሎ አያድርም። ያለው እንደ ፒስተን ፋሻ ያለች ቀጭን የብረት ቀለበት ናት፤ በሁለቱም ጫፍ። እሷ ብቻዋን ዘይት አትይዝም። ዘይቱን በቦታው የሚያቆየው የአየር ግፊት ነው። ከቀለበቷ ውጭ ቱርቦው የጨመቀው አየር አለ። ከውስጥ የሞተሩ ሆድ ግፊት አለ። የውጭው ከበለጠ ዘይቱ አርፎ ይቀመጣል። የውስጡ ከበለጠ፣ ወይም ውስጡ በዘይት ከታፈነ፣ ይሾልካል።

አሁን ዘይቱ እንዴት እንደሚወርድ አስበው። ሲገባ በቀጭን ቱቦ፣ በፖምፓ ተገፍቶ ነው። ሲወጣ የሚገፋው የለም፤ በራሱ ክብደት ነው የሚወርደው። ያውም ንጹሕ ፈሳሽ ሆኖ አይደለም። ዘንጉ ሲመታው ከርሞ እንደ ጠላ አረፋ ሆኗል። መመለሻው ከመግቢያው ብዙ እጥፍ የሚሰፋው ለዚህ ነው። ሙሉ ጄሪካን በአንድ ጊዜ ዘቅዝቀህ ታውቃለህ? ጉልክ፣ ጉልክ ይላል እንጂ ቀጥ ብሎ አይወርድም። ውሃው በሚወጣበት አፍ አየር መግባት አለበትና ይጣላሉ። የመመለሻ ቱቦውም እንደዚያው ነው። አረፋው ሲወርድ ለአየርም ቦታ ይፈልጋል። ግማሹን ማስቲሽ ሲይዘው ቱርቦህ የተዘቀዘቀ ጄሪካን ሆነ ማለት ነው።

ጠዋት የምታየው ሰማያዊ ጭስም ከዚሁ ነው። በሚኒሞ ቱርቦው አየር አይጨምቅም፤ ዘይቱን ከውጭ የሚመልሰው ግፊት የለም። ከደጀን ወደ ድልድዩ ያለው ቁልቁለትም አንድ ነው። ከ1,000 ሜትር በላይ ስትወርድ ነዳጅ አትረግጥም። ዘይቱ ያኔ ቀስ እያለ ገብቶ ኢንተርኩለሩ ውስጥ ይተኛል። ድልድዩን አልፈህ ወደ ጎሃ ጽዮን ስትረግጠው የተኛው ተጠርጎ ወደ ሞተር ይሄዳል። ጥቁሩ ጭስ ግን ሌላ ነው። እሱ የአየር ማነስ ነው። ላይ ስትደርስ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ነህ፤ እዚያ ያለው አየር ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። በዚያ ላይ በዘይት የራሰ ማኒኮቶ ከፋሼታው፣ ከማሰሪያ ቀለበቱ፣ ሥር አየር ያፈሳል። ናፍጣው አየር አጥሮት ጥላሸት ሆኖ ይወጣል።

ይብቃኝ። ባለቤቴም ይህን ወሬ ስጀምር ስኒዋን ይዛ ትነሳለች።

ጋቢናውን ገልብጥ፤ መደገፊያው በደንብ መያዙን ሳታይ ከሥሩ አትግባ። መመለሻ ቱቦውን ከላይም ከታችም ፍታው። ማስቲሹን ፋቀው። ስትፍቅ ፍርፋሪው ወደ ሞተሩ እንዳይወርድ የታችኛውን ቀዳዳ በንጹሕ ጨርቅ ድፈነው፤ ጨርቁን ማውጣት ደግሞ እንዳትረሳ። ቱቦውን በላምባ እጠበውና በብርሃን አሳይተህ እየው። ስትመልሰው በአዲስ ጋስኬት፣ በደረቁ ግጠመው። ማስቲሽ በቱርቦ ዘይት መስመር ላይ ምንም ሥራ የለውም። ጋስኬቷ ግን የወረቀት ያህል ቀጭን ናት፤ እሷን ለመፈለግ ሶማሌ ተራ መለዋወጫ ገበያ ድረስ መሄድ ያደክማል። ማስቲሹ ደግሞ ኪስ ውስጥ አለ። እንዲህ እንዲህ እየተባለ ነው ደህና ቱርቦ የሚቀበረው።

እግረ መንገድህን የቱርቦውን የአየር መግቢያ ፍታና ዘንጉን በጣትህ ነቅንቀው። ወደ ጎን ጥቂት ቢነቃነቅ አትደንግጥ፤ ምላጮቹ ቤቱን መንካት የለባቸውም እንጂ። ወደ ፊትና ወደ ኋላ ግን ሲንቀሳቀስ ከተሰማህ ቱርቦው አልቋል፤ ያኔ ተሳስቻለሁ። የአየር ፊልትሮውንም አውጥተህ እየው። የታፈነ ፊልትሮ ቱርቦው እንዲመጥ ያደርገዋል፤ ሲመጥ ዘይትም ይስባል። የሞተሩን መተንፈሻ ቱቦ እስከ ጫፉ ተከተለው። ጭቃ የዘጋውን ብዙ አይቻለሁ። የመጨረሻው ፍተሻ፦ ሁሉን ገጥመህ ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ፈትተህ ቀዳዳው ላይ አስቀምጠው። ትንሽ ቢንቀጠቀጥ ደህና ነው። እንደ ድስት ክዳን ከዘለለና ጭሱ ከተግተለተለ የፒስተን ፋሻው አልቋል። ሞተሩ መውረዱ ነው፤ ኢንተርኩለር ማጠብ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ይሆንብሃል። ይህን ፍተሻ ለማድረግ ሞተሩን የምታስነሳው ግን ኢንተርኩለሩ ከታጠበና ከደረቀ በኋላ ነው። ግማሽ ሊትር ዘይት ካገኘህበት ወዲያ እንዳለ አታስነሳው።

ምክንያቱም ናፍጣ ሞተር የሞተር ዘይትንም ያቃጥላል። ላምባንም፣ ቤንዚንንም። ኢንተርኩለሩ ውስጥ የቀረ ፈሳሽ በአየር ተጠርጎ ሲሊንደር ከገባ ሞተሩ በራሱ ነዳጅ አገኘ ማለት ነው። ቁልፍ ብትዘጋ አይሰማም። የናፍጣ መስመር ብትቆርጥ አይሰማም። እየጋለበ፣ እየጮኸ ይሄዳል። አንድ ጋራዥ ውስጥ በቤንዚን ታጥቦ ሳይደርቅ የተገጠመ መኪና ሲነሳ ቆሜ አይቻለሁ። አንድ ደቂቃ አልሞላም፤ የፒስተኑ ክንድ የሞተሩን ጎን በስቶ ወጣ። ሰው ያልተጎዳው በዕድል ነው። ቤንዚን ደግሞ ሌላም ጣጣ አለው። ጭጋጉ መሬት ለመሬት ይሄዳል። የጎረቤት ከሰል ምድጃ፣ አንድ የሲጋራ ቁራጭ ይበቃዋል።

እንግዲህ ወደ እጥበቱ። ኢንተርኩለሩ ራዲያተሩ ፊት ነው፤ ስታወርደው ሰው ይያዝልህ። ክብደቱ ባይጎዳህም ክንፎቹ ይታጠፋሉ። አፎቹን ወደ ታች አድርገህ አንድ ሌሊት አቁመው፤ ብዙው ራሱ ይፈሳል። ጠዋት አንዱን አፍ በአሮጌ ካላማዳሪ ቁራጭና በፋሼታ ዝጋ። በሌላው 3 ወይም 4 ሊትር ላምባ ጨምር። ላምባ ከጠፋ ናፍጣም ይሆናል። ሁለተኛውን አፍ በጨርቅ ሸፍነህ ሁለት ሆናችሁ እንደ ቅቤ መናጫ ወዲያና ወዲህ ናጡት። ግማሽ ሰዓት አስተኛው፤ ገልብጠው፤ እንደገና ናጡ። አፍስሰው። የመጀመሪያው እንደ ቡና አተላ ጠቁሮ ይወጣል። ሦስተኛው ወይም አራተኛው ላይ ገርጥቶ ሲወጣ አቁም። የተጠቀምክበትን ላምባ ቦይ ውስጥ አትድፋ፤ በጄሪካን አስቀምጠው፣ ሌላ ዕቃ ታጥብበታለህ።

ከዚያ ሙቅ ውሃ በፈሳሽ ሳሙና። ሁለት ጊዜ። ከዚያ ንጹሕ ውሃ፣ አረፋው እስኪጠፋ። ኮስቲክ ሶዳ የሚሉህን አትስማ፤ ኢንተርኩለሩ አልሙኒየም ነው፣ ይበላዋል። በረኪናም አይሆንም። ውጩን ስታጥብ ከኋላ ወደ ፊት ውሃ ልቀቅበት። እህል የምትጭን ሰው ነህ፤ ገለባው ሙሉ እንደሚሆን አልጠራጠርም። የብረት ብሩሽ አታስጠጋ።

አሁን ማድረቅ። በኮምፕረሰር ንፋው፣ ገልብጠህ ንፋው፣ ፀሐይ ላይ አፎቹን ወደ ታች አድርገህ ሁለት ቀን አቆየው። አንድ ቀን ይበቃል የሚልህ ካለ እኔ አይደለሁም። አፍንጫህን አስጠግተህ አሽትተው። የላምባ ሽታ ካለ ገና ነው። መኪናው አንድ ቀን ቢቆም የአንድ ጉዞ ገቢ ነው የሚቀርብህ፤ ሞተር ጋልቦ ሲሄድ የሚቀርብህን አንተው አስላው።

ከመግጠምህ በፊት ቀዳዳ እንዳለው ፈትን። ሁለቱን አፍ ዝጋና 30 ፒኤስአይ አየር ሙላ። ከዚያ አየሩን ቁረጥ። በ15 ሴኮንድ ውስጥ ከ5 ፒኤስአይ በላይ ከወረደ ያፈሳል፤ በሳሙና ውሃ ቦታውን ፈልገው። ጎሚስታ ቤት የምትወስደው ከሆነ የጎማውን ግፊት እንዳይለቁበት ተቆጣጠር። መዝጊያዎቹን በሰንሰለት እሰር፣ ከፊታቸውም አትቁም። እንደ ጥይት ነው የሚወጡት።

ስለ ማኒኮቶ ደግሞ ሳልናገር አላልፍም። ዘይት የጠጣ ጎማ አብጦ፣ ለስልሶ፣ ሲጫኑት እንደ ሊጥ ከሆነ ጣለው። ሲገዙት የሚያብለጨልጭ፣ ሁለት ወር ሳይሞላው ፊኛ የሚሆን ርካሽ ማኒኮቶ ገበያው ሞልቷል። ቆርጠህ ጫፉን እየው። በውስጡ የክር ሽፋን ካላየህ መልስላቸው። ፋሼታውም በካቻቢቴ የሚጠብቀው ቀጭኑ አይሁን፤ በቡሎንና በዳዶ የሚጠብቀውን ሰፊውን ውሰድ። ስትገጥም የቱቦውን ጫፍም የማኒኮቶውንም ውስጥ ደረቅ አድርገህ ጥረግ። እንዲገባልህ ብለህ ግራሶ ከቀባኸው ዳገት ላይ ተፈናጥሮ ይወጣል። አንዳንድ ሰው ይቀባል፤ ኋላ መንገድ ላይ በሽቦ ሲያስር ታገኘዋለህ። ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ቱቦና የመግቢያ ማኒፎልዱንም አፍ በጨርቅ ጥረግ። እዚያም ዘይት ተኝቷል።

የመጀመሪያው ማስነሳት ላይ ብቻህን አትሁን። ረዳትህ ከአየር መግቢያው አጠገብ ጠፍጣፋ ሳንቃ ይዞ ይቁም፤ አፉን ሙሉ የሚከድን። በእጅ፣ በጨርቅ፣ በሸሚዝ አይሆንም፤ ሞተሩ ይመጠዋል። መኪናው ፊት ሰው አይቁም። አንተ ጋቢና ውስጥ ሆነህ ነዳጅ ሳትሰጥ አስነሳው። ትንሽ ነጭ ጭስ ለጥቂት ደቂቃ የቀረ እርጥበት ነው። ድምፁ ሳትረግጠው መውጣት ከጀመረ አትጠብቅ፤ ሳንቃው ይከደን። አንተም ትልቁን፣ የመጨረሻውን ማርሽ አስገብተህ፣ ፍሬኑን እስከ መጨረሻው ረግጠህ ፍሪሲዮኑን በአንድ ጊዜ ልቀቅ፤ ታንቆ ይጠፋል። ይህ እንዳይደርስብህ ነው ሁለት ቀን አድርቀው ያልኩህ። ከቸኮልክና የላምባው ሽታ እያለ ከገጠምከው ሳንቃውም ላያድንህ ይችላል።

በደህና ከተነሳ ሩብ ሰዓት በሚኒሞ አቆየውና ሰማያዊው ጭስ መኖሩን እየው። የጭስ ማውጫው ማርሚታ ውስጥ የቆየ ዘይት ስላለ በመጀመሪያዎቹ ጉዞዎች ትንሽ ሊያጨስ ይችላል። ጭነህ ሁለት ጊዜ ዓባይን ተመላለስ። የዘይቱን ሊቤሎ፣ መጠኑን፣ ከመነሳትህ በፊትና ስትመለስ ጻፍ። ከዚያ ያንኑ የታች ማኒኮቶ ፈትተህ ነጭ ጨርቅ አስገባበት። ጨርቁ ላይ ስስ ወዝ ብቻ ካለ ጤነኛ ነው፤ እያንዳንዱ ቱርቦ ያን ያህል ያልባል። ከተንጠባጠበ ግን የጨርቁን ፎቶና የሊቤሎውን ቁጥር ላክልኝ፣ ስለ ቱርቦው ያኔ እንነጋገራለን።